ረጅም ዕድሜ በዕድራችን መዝገብ ውስጥ



ለዘንድሮው መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ የኮሚቴው አባላት ሲጠይቁኝ የሰጡኝ አርእስት «ረጅም ዕድሜ ለመኖር የሚረዱ ልማዶች» የሚል ነበር። አርእስቱን ስሰማ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ሳቄ መጣ። «እንዴ! ቀባሪዎች ሆነን ሳለን ስለ ረጅም ዕድሜ እንጻፍ?» ብዬ ጸሐፊያችንን ብጠይቃቸው፣ «ታዲያ ከእኛ የበለጠ ማን ያውቃል?» ብለው መለሱልኝ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው እውነታቸውን ነው። ሰው ስንት ዓመት እንደ ኖረ፣ በምን እንደ ታመመ፣ ማንን ጥሎ እንደ ሄደ፣ ከዕድር ቀርቦ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት በአገራችን የለም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ምክር ከመጻፌ በፊት መዝገባችንን ለማየት ፈለግሁ። ጸሐፊያችንም ፈቅደውልኝ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ያሉትን ሦስቱንም መዝገቦች በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ሳነብ ከረምኩ። ባለቤቴ «የሙታን መዝገብ አልጋ አጠገብ አይቀመጥም» ብላ ስለ ተቆጣች የማነበው ሳሎን ቁጭ ብዬ ነበር።

የመጀመሪያው ጸሐፊያችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። ከስም፣ ከዕድሜና ከቀብር ቦታ ቀጥሎ «ምክንያት» የሚል ዓምድ አስምረዋል። ይህን ደንቡ አያዝም፤ ከራሳቸው ያመጡት ነው። በዚያ ዓምድ ሥር በሚያምረው የእጅ ጽሑፋቸው «ተስቦ»፣ «ምች»፣ «ሳንባ»፣ «በወሊድ»፣ «ኩፍኝ»፣ «ወባ፣ ከአዋሽ ሲመለስ» እያሉ ጽፈዋል። ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲቀር ደግሞ «በድንገት» ይላሉ። ይህችን «በድንገት» የምትል ቃል አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። በወጣትነቴ የፈንጣጣ ክትባት ስከትብ የነበርኩ፣ ከዚያም በጤና ጣቢያ የአካባቢ ጤና ሠራተኛ ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የምጽፈውም በመዝገቡ ያየሁትንና ከሥራዬ ያወቅሁትን ነው።

ከመዝገቡ በፊት

ከ1954 ዓ.ም. በፊት ስለ ነበረው ሞት እኛ መዝገብ የለንም። ነገር ግን አዲስ አበባ የማትረሳው አንድ ዘመን አለ፤ ይኸውም የኅዳር በሽታ ዘመን ነው። ዓለምን ያዳረሰው ያ ኢንፍሉዌንዛ አስቀድሞ አገራችን ገብቶ ቆይቶ፣ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር በከተማይቱ ላይ በረታ። በአዲስ አበባ ብቻ እስከ 10 ሺ የሚደርስ ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ታመው በጭንቅ ነው የዳኑት። ሐኪም እንደ ልብ አልነበረም፤ ከነበሩትም ጥቂቶች የሞቱ አሉ።

አያቴ ያን ጊዜ ልጅ እግር ሴት ነበሩ። ሲያጫውቱን፣ «መቃብር የሚቆፍር ጠፍቶ ሰው ዘመዱን በቁርበት ጠቅልሎ ራሱ ይወስድ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት የጅቡ ጩኸት አያስተኛም» ይሉ ነበር። የዚያ በሽታ ክፋቱ፣ በሌላው ዓለምም እንደ ታየው፣ ሽማግሌና ሕፃን ብቻ ሳይሆን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን ጉልበተኛ መምረጡ ነው። ቤቱን የሚያቆመው ሰው ሲወድቅ፣ ለታመመ ውኃ የሚያቀብል ይጠፋል። አያቴ ከዚያ ቤት የተረፉት፣ አንዲት ጎረቤት በየጧቱ ውኃና አጥሚት ደጃፋቸው ላይ አስቀምጣ ትሄድ ስለ ነበረ ነው። ወደ ውስጥ አትገባም፤ አስቀምጣ፣ በሩን አንኳኩታ ትሄዳለች። ያቺ ሴት ስለ ተሐዋስያን የተማረችው ነገር አልነበረም፤ ግን ዛሬ በጤና ትምህርት ቤት የሚያስተምሩትን ነበር የምትሠራው።

ከዚያ መከራ የተረፈን ልማድ «ኅዳር ሲታጠን» ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጓሮው ሁሉ ይጠረጋል፤ ጥራጊው ተከምሮ ይቃጠላል፤ ከተማው በጢስ ይታፈናል። አንዳንድ ወጣቶች ሲስቁበት እሰማለሁ። እርግጥ ጢስ ኢንፍሉዌንዛን አይገድልም። ከቆሻሻው ይልቅ ፌስታልና ፕላስቲክ በበዛበት በአሁኑ ዘመንማ ማቃጠሉ ለሳንባ ጠንቅ ነው፤ እኔ ራሴ ከተውኩት ቆይቻለሁ። ግን መጥረጉን አልተውኩም። በዓመት አንድ ቀን ሰፈር ሙሉ በአንድነት ወጥቶ ቦዩን ሲከፍትና ጓሮውን ሲያጸዳ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ኮሮና በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ሲገባና መሰብሰብ ሲከለከል፣ ድንኳን ሳንተክል፣ በጥቂት ሰው ብቻ ስንቀብር፣ ያቺ በር አንኳኩታ የምትሄደው ሴት ትዝ ብላኝ ነበር።

አባቶቻችን ለጤናቸው ልማድ አልነበራቸውም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ጥሬ ሥጋ ይበላ ስለ ነበር የኮሶ ትል የሌለበት ሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ መጠጣት የታወቀ ሥርዓት ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ሥራ አይጠየቅም፤ እንግዳ ቢመጣ እንኳ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ይመለሳል። መድኃኒቱ መራራና ለሆድ ከባድ ነው፤ ሲበዛም ይጎዳል። ሥጋውን አብስሎ መብላት ይቀል ነበር፤ ግን ይህን ለአባቴ ልነግራቸው አልደፍርም ነበር።

አንቀጽ 9

የመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ 9 ከሰባት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ሲሞት ለቤተሰቡ የሚከፈለው ገንዘብ የአዋቂው ግማሽ እንዲሆን ይደነግጋል። መሥራቾቻችን ጨክነው አይደለም። ሙሉ እንክፈል ቢሉ ሣጥኑ በስድስት ወር ባዶ ይሆን ስለ ነበረ ነው። በመጀመሪያው መዝገብ የሕፃናት ስም ሲቆጠር ይህ ግልጽ ይሆናል። በአንድ ገጽ ላይ ከአንድ ቤት ሦስት ልጆች በአንድ ወር ውስጥ በኩፍኝ ሞተው አየሁ። ጸሐፊው ሦስተኛውን ሲጽፉ እጃቸው ተንቀጥቅጧል፤ ቀለሙ ፈሷል። እናቲቱን አውቃቸዋለሁ፤ ብዙዎቻችሁም ታውቋቸው ነበር።

ከዚያ ገጽ እየተላቀቅን የመጣነው በአንድ ቀን አይደለም፤ በአንድ መድኃኒትም አይደለም። እኔ ራሴ ያለሁበትን ባጭሩ ልናገር። ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ለማጥፋት ዘመቻው የተጀመረው ጥር 1963 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺ በላይ ሕመምተኛ ተመዘገበ። ጫፏ ሁለት ጥርስ ያላትን ያቺን አጭር መርፌ ይዘን፣ ከፊሉን በበቅሎ፣ አብዛኛውን በእግር ተጓዝን። ሕዝቡ ሁሉ እልል ብሎ የተቀበለን እንዳይመስላችሁ። በአገራችን የነበረው ፈንጣጣ ብዙ ሰው የማይገድለው ዓይነት ስለ ነበር፣ «ይሄ ቀላል ነው፤ ደግሞ እኛ ራሳችን መከተብ እናውቃለን» የሚሉ አካባቢዎች ነበሩ። እውነትም ያውቃሉ፤ ከታመመ ሰው ቁስል ወስዶ በጤነኛው ክንድ ላይ መጫር ጥንታዊ ልማድ ነው። ግን እንዲያ የተከተበው ሰው በሽታውን ለሌላው ያስተላልፋል። በአንድ መንደር አንድ ሽማግሌ ውሻ ለቀውብኝ ሮጬ፣ በማግሥቱ ራሳቸው ልጆቻቸውን ይዘው መጡ፤ ሌሊቱን ሚስታቸው ተቆጥተዋቸው ነበር። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሕመምተኛ የተገኘው በባሌ በኩል ዲሞ በምትባል መንደር ነሐሴ 1968 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ ሚያዝያ 1972 ዓ.ም. ታወጀ።

በዚያው በ1972 ዓ.ም. ሕፃናትን ከስድስት በሽታዎች የሚከላከለው የክትባት ፕሮግራም በአገራችን ተጀመረ፤ ኩፍኝም ከስድስቱ አንዱ ነው። የውኃውም ነገር አለ። አዲስ አበባ በ1930ዎቹ ከገፈርሳ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከለገዳዲ ውኃ አገኘች፤ ለኛ ሰፈር የደረሰን ግን በቦኖ ነው። ቦኖው እስኪተከል እናቶቻችን ከወንዝ ይቀዱ ነበር፤ ወንዙ ደግሞ ከላይ ያለው ሰፈር መጸዳጃ ነበር፤ ይህን ዝም ብሎ ማለፍ ይሻላል። ቦኖውን ያስገቡልን የዕድራችን ሽማግሌዎች ናቸው፤ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድም በዕድራችን አባላት ጉልበት ነው የተቆፈረው። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ወጣት ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ መጸዳጃ፣ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ክትባት ሲያስተምሩ፣ እኛ ሽማግሌዎች «ይሄንንማ እናውቃለን» አልን። ማወቅና ሳሙና ከመጸዳጃው አጠገብ ማስቀመጥ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ቁጥሩን ልስጣችሁ። በ1992 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ይኸው ጥናት ሲደገም ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። አሁንም ብዙ ነው። ገንዘብ ያዣችን እንደ ነገሩኝ ግን፣ በኛ ዕድር አንቀጽ 9 ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። «ይሠረዝ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ይቆይ ባይ ነኝ፤ ልጆቻችን ምን እንደ ነበረ ያንብቡት።

«በረጅም ሕመም»

ሁለተኛው መዝገብ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ውስጥ ይከብዳል። ዕድሜ የሚለው ዓምድ 27፣ 31፣ 34፣ 29 እያለ ይወርዳል። ምክንያት በሚለው ዓምድ የዚያን ጊዜው ጸሐፊ «በረጅም ሕመም» ብለው ይጽፋሉ፤ ከዚያ በላይ አይሉም። ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማንም አይናገርም። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው፤ በኛ ሰፈር ግን ቃሉ ጮክ ተብሎ የተነገረው ከብዙ ቀብር በኋላ ነው። ድንኳኑ ከአንዱ ቤት ተነቅሎ ሳይታጠፍ ወደ ሌላው ቤት የሄደበት ወር ነበር። ጡሩንባ ነፊያችን ጉሮሯቸው ተዘግቶ ልጃቸው ተኩላቸው ነበር። ሣጥኑም ባዶ ሆነ፤ ተጨማሪ መዋጮ ተጣለ፤ አንዳንዱ አባል መክፈል አቅቶት ወጣ።

በዚያ ጊዜ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አንድ ብልህ ሥራ ሠሩ። ሞት በመንግሥት መዝገብ ሙሉ በሙሉ ስለማይጻፍ፣ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማው የመቃብር ቦታዎች ሁሉ፣ በየቤተ ክርስቲያኑም በሙስሊሙም መቃብር፣ የሚቀበረውን ሰው መቁጠር ጀመሩ። ከዚያም ለናሙና የተመረጡትን ቤተሰቦች እየሄዱ ሟቹ እንዴት እንደ ታመመ ይጠይቃሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከ20 እስከ 54 ዓመት ባለው ዕድሜ ከሞቱት መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በኤድስ የሞቱ መሆናቸውን አገኙ። የኛ ጸሐፊ «በረጅም ሕመም» ያሉትን ዩኒቨርሲቲው በቁጥር ተናገረው ማለት ነው።

የከተማው ዕድሮች፣ የኛም ጭምር፣ ደንባቸውን ያሻሻሉት ያን ጊዜ ነው። «ለሞተ ብቻ ሳይሆን ለታመመም እንርዳ» የሚለው አንቀጽ ሲቀርብ ጉባኤው እስከ ማታ ተከራከረ፤ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ዕድር ለሬሳ ነው! ሕመምተኛ የሚያስታምም ሆስፒታል ነው!» ብለው ጮኹ። ሐሳቡ በጥቂት ድምፅ አለፈ። ጥር 1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ደግሞ የመቃብሩ ቆጠራ የኤድስ ሞት በከፍተኛ ደረጃ መውረዱን አሳየ። በመዝገባችንም ይታያል፤ ገጾቹ ተንፈስ ይላሉ። አስከሬናቸውን ለማንሣት ልባችንን ያዘጋጀንላቸው ሰዎች ዛሬ ወር በገባ መዋጮ የሚከፍሉ አሉ። ምን አደረጉ ቢባል፣ በየቀኑ በሰዓቱ ክኒን ዋጡ። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ደህና ሲሆኑም ሲታመሙም። ከዚህ የሚበልጥ የጤና ልማድ እኔ አላየሁም።

«በድንገት»

አሁን ወደዚያች ቃል ልመለስ። በሦስተኛው መዝገብ የሟቾች ዕድሜ ከፍ ይላል፤ 58፣ 63፣ 71፣ 66። ይህ በራሱ ምስጋና የሚገባው ነው። በ1950ዎቹ በኢትዮጵያ ለሚወለድ ልጅ የሚጠበቀው አማካይ ዕድሜ 40 ዓመት አይሞላም ነበር፤ አሁን ከ65 አልፏል። ግን በምክንያት ዓምድ «በድንገት»፣ «በድንገት»፣ «በድንገት» የሚለው ተደጋገመ። ቆይተው የመጡ ጸሐፊዎች «ስትሮክ»፣ «ልብ»፣ «ስኳር» እያሉ አብራርተዋል።

ያው የመቃብር ቆጠራ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2009 ያለውን ሲመረምር፣ በአዲስ አበባ ከሞቱት ከመቶ 51ዱ ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች፣ ከመቶ 42ቱ በተላላፊና ከወሊድ ወይም ከምግብ እጥረት ጋር በተያያዙ፣ የቀሩት በአደጋ መሞታቸውን አገኘ። ሚዛኑ ዞሯል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑ ሰዎች ከመቶ 16 ገደማ የሚሆኑት ደም ብዛት እንዳለባቸው አሳይቷል። አብዛኞቹ አያውቁም። ደም ብዛት አያምም፤ አያስልም፤ አያተኩስም። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የደም ሥሩን እያደነደነ ይቆይና አንድ ጧት የጭንቅላት ደም ሥር ይፈነዳል ወይም ይደፈናል። እኛ «በድንገት» ብለን እንጽፋለን።

እዚህ ላይ የቀድሞውን ገንዘብ ያዣችንን ነገር ለመጻፍ ከቤተሰባቸው ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። በ59 ዓመታቸው ለአንድ ጉዳይ ሲመረመሩ ደም ብዛት ተገኘባቸውና ክኒን ተሰጣቸው። ክኒኑን የሰጣቸው ሐኪም ቤት የዕድሜ ልክ መድኃኒት መሆኑን እንዳልነገራቸው ባለቤታቸው ይናገራሉ። ሁለት ወር ዋጡና ሲጨርሱ ተዉት። እኔ ቤታቸው ቡና ስጠጣ የክኒኑን ባዶ ማሸጊያ ሬዲዮው አጠገብ አይቼ፣ «ምነው፣ ተውከው እንዴ?» ብላቸው፣ «ምን አመመኝና ነው የምውጠው? እንደ አንበሳ ነኝ» አሉኝ። ሠላሳ ዓመት በጤና ሥራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ደግሜም አላነሣሁባቸውም፤ እንዳላስቀይማቸው ነው። በሁለተኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጧት በር ሲከፍቱ ወደቁ፤ በሦስተኛው ቀን ዐረፉ። የተከልንላቸው ድንኳን እሳቸው ራሳቸው ከመርካቶ ሸራ ተራ ተከራክረው በርካሽ የገዙልን ነው። በመዝገቡ ላይ «በድንገት» ተብሏል። ይህን ሳነብ ነው መዝገቡን ዘግቼ ለሁለት ቀን የተውኩት።

የጨው ነገር

ደም ብዛትን ከሚያባብሱት አንዱ ጨው ነው። ጨው በአገራችን ታሪክ ትልቅ ነገር ነበር። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር እየተቆረጠ በግመልና በበቅሎ ደጋ የሚወጣው አሞሌ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር። ከአፋር በራቀ ቁጥር ዋጋው ይንራል። ገንዘብ የሆነን ነገር ደግሞ ማንም ወጥ ውስጥ ዝም ብሎ አይበትንም። ዛሬ ጨው ከሱቃችን ዕቃ ሁሉ ርካሹ ነው፤ እጃችንም ተፈታ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይበቃል ይላል፤ ለጥ ያለች አንዲት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ከላይ የጠቀስኩት የ2007 ዓ.ም. ጥናት የኛን አማካይ ከ8 ግራም በላይ አድርጎ አገኘው። ለምን ቢባል፣ ወደ ማጀት መግባት ነው። በርበሬው ሲፈጭ ጨው ይገባበታል። ሽሮው ሲዘጋጅም እንዲሁ። ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል። ማዕድ ላይ ሚጥሚጣ ይቀርባል፤ እሱም ጨው አለበት። ሴቶቹ «አልጨመርኩም» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ አራት ጊዜ ቀድሞ ገብቷል። ይህን ስል በሴቶቹ ላይ መፍረዴ አይደለም፤ «ወጡ አልጣፈጠም» እያልን ፊታችንን የምናጠቁረው እኛ ነን።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የራሳችን የለቅሶ ቤት ምግብ ነው። ለሠልስቱ የሚቀርበው ምስርና ሽሮ፣ «ብዙ ሰው ስለሆነ አይጣፍጥም» ተብሎ ጨውና ዘይት ይደፋበታል። በደም ብዛት የሞተን ሰው ቀብረን መጥተን እዚያው ድንኳን ውስጥ ለሚቀጥለው ቀብር እንዘጋጃለን ማለት ነው። ንፍሮ ግን እደግፋለሁ። ስንዴና ባቄላ ተቀቅሎ፣ ቅባት የሌለበት፣ አያቶቻችን ለሐዘን የመረጡት ምግብ ነው፤ ወጣቶቹ የሚንቁት ቢሆንም።

ይህ የጨውና የቅባት ነገር በግል ምክር ብቻ እንደማይስተካከል የሚያሳይ አንድ የሩቅ አገር ታሪክ አለ። በሰሜን አውሮፓ በፊንላንድ፣ ሰሜን ካሬሊያ በሚባል ገጠር፣ እንጨት ቆራጭና ገበሬ የሆኑ ጎልማሶች በአርባና በሃምሳ ዓመታቸው በልብ ሕመም ያልቁ ነበር። የሚበሉት ቅቤ፣ ጨው የበዛበት ሥጋ፤ የሚያጨሱትም ብዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው ለመንግሥት አቤቱታ ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት ፔካ ፑስካ የሚባል የ27 ዓመት ወጣት ሐኪም ሥራውን እንዲመራ ተላከ። ሰውዬው ከሆስፒታል አልጀመረም። ማርታ የሚባለውን የቤት እመቤቶች ማኅበር ያዘ፤ ሴቶቹም በየመንደሩ «የረጅም ዕድሜ ግብዣ» እያሉ የአገሩን ምግብ ጨውና ቅባት ቀንሰው አብስለው ለጎረቤት ማቅመስ ጀመሩ። ከዓመታት በኋላ በዚያ አገር በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ ወንዶች መካከል በልብ ሕመም የሚሞተው ቁጥር ከመቶ ከ80 እጅ በላይ ቀነሰ። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ የቤት እመቤቶች ማኅበር የሚለው ላይ ቆምኩ። እኛስ ድስቱ፣ ሳህኑ፣ ወንበሩ፣ አብሳዮቹም አሉን።

ስለ መራመድ ብዙ አልጽፍም። ታክሲ ሲጠፋ ሁላችንም እንራመዳለን። ሲጋራ የሚያጨስ አባል ካለ እኔን ሳይሆን ሳንባውን ይጠይቅ። መጠጥም እንዲሁ፤ በየሠርጉ የሚሆነውን የምናውቅ እናውቃለን።

ለጉባኤው የሚቀርብ

ኮሚቴው ያነጋገርኳቸውን ሰዎች ሐሳብ ጨምሬ እንድጽፍ ስለ ፈቀደልኝ፣ በዓመታዊው ጉባኤ የሚከተለው ይቀርባል። በመጀመሪያ፣ ከተጠባባቂ ገንዘባችን ሁለት የደም ግፊት መለኪያ ተገዝቶ፣ በየወሩ መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ ከ30 ዓመት በላይ የሆነው አባል ሁሉ መዋጮውን ከመክፈሉ በፊት እንዲለካ፤ ለመለካት ጡረታ የወጡ ሁለት ነርሶቻችንና እኔ ፈቃደኞች ነን። ቁጥሩ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሆነበት ሰው በጤና ጣቢያ እንዲታይ ወረቀት ይሰጠዋል። ክኒን የጀመረ አባል ደግሞ አንድ ጎረቤት ይመደብለታል፤ ሥራው «ዋጥህ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ የሠልስት ምግብ ሲሠራ ጨው በሚለካ ማንኪያ እንዲገባ የማብሰያ ኮሚቴው ይወስን። እነዚህ እናቶች ከኔ ይልቅ ስለሚያውቁበት ልኩን እነሱ ይናገሩ።

በኮሚቴው ስብሰባ አንድ አባል ተነሥተው፣ «ዕድር ለሞተ ሰው ነው እንጂ ለክኒን አይደለም» አሉ። ሳቅሁ፤ የ1990ዎቹን ጉባኤ አስታወሱኝ። ያን ጊዜ የተጨመረው አንቀጽ እስከ ዛሬ በደንባችን አለ፤ ቁጥሩ 17 ነው። መለኪያውን ለመግዛት አዲስ ደንብ አያስፈልግም፤ ድምፅ ብቻ ይበቃል።

የኔን ለምትጠይቁ፣ ባለፈው ሳምንት 152 በ94 ነበርኩ። ዕድሜዬ 73 ነው። ክኒኔን ከአራት ዓመት በፊት ጀምሬያለሁ፤ ሁለት ጊዜ ረስቼ አውቃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ የለካችኝ ባለቤቴ ናት። የጠያቂ ጎረቤት ድልድል ሲወጣ የኔ ጠያቂ የቀድሞው ገንዘብ ያዣችን ልጅ እንዲሆኑልኝ ለጸሐፊያችን በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ እሳቸውም እሺ ብለውኛል።